የተሰበረ ቡሎን ማውጫ ኪት፦ ፑንታው ይገዛ፣ ማውጫው ይቅር

ፍርዱን መጀመሪያ ልናገር፣ ጊዜ የሌለው ሰው እዚህ ጋ አንብቦ ይሂድ። «የተሰበረ ቡሎን ማውጫ» ተብሎ የሚሸጠው ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ። አንደኛው ወደ ግራ እየዞረ የሚበሳ ፑንታ ነው። ሁለተኛው ራሱ ማውጫው ነው፣ ያ ጫፉ ቀጠን ብሎ ወደ ላይ የሚወፍረው ጠመዝማዛ ብረት። ፑንታው አሪፍ ነው። ማውጫው ግን፣ ሳጥኑ ስሙን ያገኘበት ዕቃ ማለት ነው፣ መኪና እግር ስር በዛገ ቡሎን ላይ አደጋ ነው። የኔን ቡሎን በመጨረሻ ያወጣው ከአለም ገና በባጃጅ የመጣ በያጅ ነው። የከፈልኩት ደግሞ ለኪቱ ከከፈልኩት ግማሽ አይሞላም።

አሁን ዝርዝሩን ለሚፈልግ።

መኪናዬ የፊት ጎማዎቿ የሚጎትቷት ትንሽ የጃፓን መኪና ናት። የምንኖረው ወለቴ ነው፣ ከጅማ መንገድ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ጭቃው ቸርኬ ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ጎማው በፍጥነት ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ባላንስ የጠፋ መስሎት ጎማ ቤት ይሄዳል። እኔ ጋ ግን ጭቃ ብቻ አልነበረም። መሪውን ሙሉ ወደ ቀኝ ሳዞር ከግራው የፊት ጎማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይመጣል። ጎንበስ ብዬ ሳይ የውጪው ሲቪ ጆይንት (አክስሉ፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ጫፍ ላይ ያለው መታጠፊያ) ላስቲክ ተቀዷል፣ ግራሶው ተረጭቶ የቸርኬውን ውስጥ አጥቁሮታል። ይሄ ብዙ ምርመራ አይፈልግም። ላስቲኩ ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፣ በምትኩ ጭቃና አሸዋ ይገባል፣ ውስጥ ያሉት ኳሶችና የሚሮጡበት መስመር ይበላል። ላስቲኩ ገና እንደተቀደደ ከተደረሰበት አጥቦ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቶ፣ ላስቲክ ብቻ ቀይሮ መዳን ይቻላል። ድምፅ ከጀመረ በኋላ ግን ላስቲክ መቀየር ከነገሩ ጦም እደሩ ነው። ጆይንቱ ወይ ሙሉ አክስሉ ነው የሚቀየረው።

ጋራዥ ጠየቅሁ። ወረፋውም ዋጋውም አልተመቸኝም። ግቢ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ቅዳሜ አለ። እቤት ልሠራው ወሰንኩ።

ሥራው በወሬ ቀላል ነው። ጎማው መሬት ላይ እያለ የሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን መሀል) ትልቅ ዳዶ ማላላት፣ በክሪክ ማንሳት፣ ጎማውን ማውለቅ፣ የታችኛውን ቦል ጆይንት (ኳስ ያለውን መገጣጠሚያ) ከናክሉ (ሞዞውን ከሚሸከመው ብረት) ማላቀቅ፣ ከዚያ ናክሉን ወደ ውጪ ጎተት አድርጎ አክስሉን ከሞዞው ማውጣትና ከካምቢዮው መንቀል። በኔ መኪና ቦል ጆይንቱን ናክሉ ላይ የሚይዘው አንድ ቡሎን ብቻ ነው። ናክሉ ታች ላይ የተሰነጠቀ ጆሮ አለው፣ የቦል ጆይንቱ አንገት እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ ስንጥቁ ይጠባል። ቡሎኑ አንገቱ ላይ በተቦረቦረች መስመርም ስለሚያልፍ እሱ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ አንገቱ ንቅንቅ አይልም። የተሰበረው እሱ ነው። ቁልፉ ላይ ስጫን ትንሽ ዞረ፣ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ድንገት ለሰለሰ። ይሄን ሥራ የሚያውቅ ሰው ያንን ልስላሴ ያውቀዋል። ጭንቅላቱ ቁልፉ ውስጥ ቀረ፣ ግንዱ ናክሉ ውስጥ ቀረ።

ለምን ተሰበረ? የውጭ አገር ቪዲዮዎች ላይ ጥፋቱ ሁሉ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ወለቴ ጨው የሚበትን የለም። እኛ ጋ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ያ ስንጥቅ ውስጥ የሚቀረው ጭቃ ነው፣ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ቡሎኑን ከቀዳዳው ጋር ያጣብቀዋል። ሁለተኛው ሰው ነው። ቁልፍ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ፣ ሰውነቱን ጥሎ፣ «ጠብቋል» እስኪል የሚያስር ሰው። የወጣውን ቡሎን ኋላ ላይ በፀሐይ ሳየው አንገቱ ጋ ቀጥኗል፣ ተለጥጧል ማለት ነው። እንዲህ የሚሆነው ከአቅሙ በላይ ሲታሰር ነው። ከኔ በፊት የታሰረው የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ ብቻ ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚታሰረው።

አንዳንዱ «አሞርዛተሩን ከናክሉ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ቡሎኖች ፈትተህ ናክሉን በላይ በኩል ብታወጣው ኖሮ ቦል ጆይንቱን መንካት አያስፈልግም ነበር» ይለኛል። ልክ ነው፣ አክስል ብቻ ለሚቀይር ሰው እንደዚያ ይሻላል። የኔ ቦል ጆይንት ግን ራሱ ላልቷል፣ በሊቨር ከፍ ዝቅ ሳደርገው ይጫወታል። ያው መውጣቱ አይቀርለትም።

ወደ ኪቱ እንምጣ። ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ መርካቶ ወረድኩ፣ የእጅ መሣሪያ ከሚሸጡት ሱቆች አንዱ ጋ ገዛሁት። የሱቁን ስም አልጠራም፣ ሻጩም ክፉ ሰው አይደለም፣ የሚሸጠውን ዕቃ ግን ሠርቶበት አያውቅም። የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ አንዱ ፑንታ ጫፉ የተሸረፈ ነበር፣ አሳየሁት፣ ያለ ክርክር ሌላ ሳጥን ሰጠኝ። በዚህ ተመችቶኛል። ግን ሳትከፍቱ እንዳትከፍሉ። ሳጥኑ ፕላስቲክ ነው፣ ማጠፊያው ብዙም አይቆይም፣ ፑንታዎቹ ቦታቸው ላይ ላላ ብለው ስለሚቀመጡ ሲገለበጥ ይቀላቀላሉ። መጠናቸው ላያቸው ላይ ተጽፏል፣ ግን ጽሑፉ ደብዛዛ ስለሆነ ካሊፐር ያለው ሰው ይለካቸው።

በግራ የሚዞረው ፑንታ እንዴት ነው የሚሠራው? ተራ ፑንታ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ቡሎን የሚጠብቀውም ወደ ቀኝ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ቡሎንን በተራ ፑንታ ስትበሱት እያጠበቃችሁት ነው። የግራው ፑንታ ድሪሉ ወደኋላ እየዞረ ስለሚበሳ፣ ጫፉ ብረቱን ሲይዘው ቡሎኑን ወደ መፍቻው በኩል ይገፋዋል። ሙቀቱና ንዝረቱም ያግዛል። ብዙ ጊዜ ቡሎኑ ያልዛገ ከሆነና ጭንቅላቱ የተሰበረው ከልክ በላይ ስለታሰረ ብቻ ከሆነ፣ ገና እየበሳችሁት ራሱ እየዞረ ይወጣል። ስትገዙት ግን ድሪላችሁ ወደኋላ መዞር መቻሉን እዩ። ግድግዳ ለመብሳት ብቻ የተሠሩ፣ ወደኋላ የማይዞሩ አሮጌ ድሪሎች አሉ፣ በነሱ ይሄ ፑንታ ጌጥ ነው።

አበሳሱን ላንዛዛው ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የተሰበረው ፊት ጎርበጥ ያለ ነው የሚሆነው፣ በሞረድ ወይም በግራይንደር ጠፍጣፋ መደረግ አለበት። ከዚያ ልክ መሀሉ ላይ በሹል ብረት ነጥብ መምታት። ልክ መሀሉ ስል ልክ መሀሉ ማለቴ ነው። 1 ሚሊ ከሳተ፣ ቀዳዳውን እያሰፋችሁ ስትሄዱ በአንድ በኩል የናክሉን ጥርስ መብላት ትጀምራላችሁ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወፍራም ብረት ይቀራል። ብዙ ሰው ነጥቡን በዓይኑ ገምቶ ይመታል። እኔ በካሊፐር ከአራት አቅጣጫ ጭሬ፣ ጭረቶቹ የሚገናኙበት ላይ ነው የመታሁት። ከዚያ ቀጭኑን ፑንታ፣ ቀስ ባለ ዙር፣ በጠንካራ ግፊት፣ ዘይት ጠብ እያደረጉ። ሰው የሚሳሳተው ተቃራኒውን በማድረግ ነው፣ ፈጣን ዙር በቀላል ግፊት። ያኔ ፑንታው ብረቱን ሳይቆርጥ እያሸ ያግለዋል፣ የርካሽ ፑንታ ጫፍ ሰማያዊ ከሆነ አልቆለታል። የኪቱ ፑንታ ይሄን ፈተና አለፈ። ቡሎኑ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለው ነበር፣ ለስላሳ ብረት አይደለም፣ ግን ፑንታው የተጠቀለለ ረጅም ፍቅፋቂ እያወጣ ገባ፣ ጫፉም አልደነዘዘም። በዚህ ዋጋ አልጠበቅኩም።

ቡሎኑ ግን አልወጣም። ትንሽ ዞር አለና ቆመ። የዛገው ጥርሱ ብቻ አይደለም፣ ጥርስ የሌለው ለስላሳው ግንዱም ከቀዳዳው ጋር ተጣብቋል።

ኪቱ እዚህ ጋ ነው ወደ ማውጫው ግባ የሚለው። መመሪያው እንዲህ ነው፦ በበሳኸው ቀዳዳ ውስጥ ማውጫውን ክተት፣ በመዶሻ ነካ አድርገው፣ ወደ ግራ አዙረው፣ ጠመዝማዛው ይነክሳል፣ ቡሎኑ ይወጣል። አሁን ይሄን ነገር ቁጭ ብለን እናስበው። ማውጫው ወደ ላይ እየወፈረ የሚሄድ ሽብልቅ ነው። በገባ ቁጥር የቡሎኑን ግድግዳ ወደ ውጪ ይገፋዋል። ያ ቡሎን የተጣበቀው ቀዳዳው ስለጠበበው ነው፣ እኛ ደግሞ የበለጠ እያሰፋነው ነው። ከዚያ በላይ፣ ማውጫው ከቡሎኑ ይቀጥናል። 10 ሚሊ ሆኖ በጤናው ጊዜ ጉልበታችንን ያልቻለ፣ የተሰበረ ቡሎንን በ5 ሚሊ ብረት ለማዞር ነው የምንሞክረው። ማውጫው እንዳይታጠፍ ተብሎ በጣም ደርቆ የተሠራ ነው፣ ደረቅ ብረት ደግሞ አይለጠጥም፣ ቀጭ ይላል። ቀጭ ካለ በኋላ ከሱ የባሰ የለም፤ በተራ ፑንታ አይበሳም፣ ካርባይድ ፑንታ ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚበላ ማሽን ይፈልጋል፣ ናክሉን ነቅሎ ቶርኖ ቤት መውሰድ ነው። አንዱ ቡሎን ሁለት ችግር ሆነ ማለት ነው።

ከተትኩት፣ አዞርኩት፣ እጀታው ወደኋላ ሲስበኝ ተሰማኝ። ቡሎኑ አይደለም የሚዞረው፣ ማውጫው ራሱ ነው እየተጠመዘዘ ያለው። አቆምኩና አወጣሁት። ግን ስለ ዕቃ አስተያየት የሚሰጥ ሰው በግምት መናገር የለበትም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ አሮጌ ቡሎን ሞርሳ ላይ አስሬ፣ በስቼ፣ ያንኑ ማውጫ ከትቼ ሙሉ ጉልበት ሰጠሁት። ከግማሽ ዙር ብዙም ሳይበልጥ ተሰበረ። ተለቅ ያለውን ሞከርኩ፣ እሱ አልተሰበረም ግን ቀዳዳውን ልጦት ባዶውን ዞረ። በላላ ቡሎን ላይ፣ ለምሳሌ ፕላስቲክ መሸፈኛ በሚይዝ ወይም ጥርሱ ንጹሕ በሆነ፣ ይሠራ ይሆናል። ግን እንዲህ ያለውን የግራው ፑንታ ብቻውን ያወጣዋል። ታዲያ ማውጫው ለማን ነው የተሠራው?

በመሀል ዘይት መንከሩ አለ፣ ቶሎ ልለፈው። ሰው ሁሉ ደብልዩዲ 40 ይላል። እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራው ውሃን ከብረት ላይ አባርሮ ዝገት ለመከላከል ነበር፣ የተጣበቀ ቡሎን ለማላቀቅ ከዚያ የተሻለ ዘልቆ የሚገባ ዘይት አለ። የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን የሚቀላቅሉም አሉ፣ አሴቶኑ ቀጥኖ እንዲገባ ነው፣ ግን በቀላሉ ይነዳል፣ ከእሳት ሥራ ጋር አይሄድም። ናፍታም ነጭ ጋዝም የሚነክር አለ። እኔ የማምንበት ምርቱን አይደለም፣ ጊዜውንና መዶሻውን ነው። ማታ ረጭቶ ማደር፣ ጠዋት ደጋግሞ ቀለል አድርጎ መምታት። ምቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፣ ዘይቱ በስንጥቁ ይገባል። የፍሬን ዲስኩና ሸራው ላይ ግን አንድ ጠብታ እንዳይደርስ በፌስታል ሸፍኑት።

እንግዲህ በያጁ። አለም ገና የቡታጅራውና የጅማው መንገድ የሚለያይበት አካባቢ የከባድ መኪና ጋራዥና ብየዳ ቤት ሞልቷል። የጎረቤታችን ሹፌር ነው ስልኩን የሰጠኝ። ልጁ ትንሽ የኤሌክትሪክ ብየዳ ማሽን አለው፣ በትከሻ የምትንጠለጠል፣ በባጃጅ ይዟት ቤት ድረስ ይመጣል። በስልክ ስለ ቡሎኑ ስነግረው የመጀመሪያ ጥያቄው ይሄ ነበር፦

«ጋሼ፣ ማውጫ አልሰበሩበትም አይደል?»

«አልሰበርኩም።»

«ተመስገን። እንግዲያው ይወጣል።»

ዋጋውንም እዚያው ተስማማን። ካልወጣ የባጃጁን ብቻ። ይሄንን አሠራር ወድጄዋለሁ፣ ሌሎችም ቢለምዱት።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። «ደርሻለሁ፣ ወለቴ ነኝ» ሲለኝ ከኋላው የአለም ገና ረዳት «ቡታጅራ! ቡታጅራ!» ሲል ይሰማል። አረፈደ። ሲደርስ ደግሞ ማሽኑን ሳሎን ሶኬት ላይ ሰካው፣ ገና ሲጀምር ብሬከሩ ወረደ። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጭነት የሚችል አንድ መስመር ነው ያለው፣ ለኤሌክትሪክ ምጣድ የተዘረጋው ወፍራሙ። ማራዘሚያውን እዚያ አዛወርን። ባለቤቴ ሊጥ አቡክታ እየጠበቀች ስለነበር የሷን ፊት አላያችሁም። በያጅ ከመጥራታችሁ በፊት የመጋገሪያ ቀን አለመሆኑን ጠይቁ።

እጁ ግን እጅ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታ፣ እኔ ሳልነግረው። የመኪናው ኮምፒውተር በብየዳ ኃይል እንዳይጎዳ ነው። የማሽኑን የመሬት መቆንጠጫ ራቅ አድርጎ ቦዲው ላይ አላሰረም፣ ናክሉ ላይ፣ ከቡሎኑ አጠገብ አሰረው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ መቆንጠጫው ራቅ ካለ ኃይሉ በሞዞው ኩሽኔታ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፣ ኳሶቹ ላይ ጥቃቅን ጠባሳ ይተዋል፣ ከወር በኋላ ሌላ ድምፅ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። እንዲህ የሚጠነቀቅ በያጅ ብዙ አላየሁም። የፍሬኑን ቱቦና የኤቢኤስ ገመዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለላቸው። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነፍቼበት እንደሆነም ጠየቀኝ። አልነፋሁም፣ እናንተም ብየዳ ካለ አትንፉ፤ አንዳንዱ ክሎሪን ያለበት ነው፣ በብየዳ ሙቀት መርዛማ ጋዝ ይሆናል።

ከዚያ ሮንዴላ በተሰበረው ላይ አስቀመጠ፣ በቀዳዳዋ በኩል ከቡሎኑ ጋር በየዳት፣ በላይዋ ዳዶ አደረገና ውስጡን በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ሞላው። በግራው ፑንታ የበሳሁት ቀዳዳ እዚህ ጋ ጠቀመ፣ ብየዳው ወደ ውስጥ ገብቶ ያዘ። ፍሙ እስኪጠፋ ጠበቀና ሻማ አነካው። ሰሙ ቀልጦ በስንጥቁ ሲሰምጥ በዓይን ይታያል። ቁልፍ ያዘ፣ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ መፍቻው፣ እያወዛወዘ። የመጀመሪያው ዳዶ ተነቅሎ ወጣ። ምንም አልመሰለውም፣ ግራይንደር አስነክቶ ሌላ በየደ። ሁለተኛው ሲዞር ሲጥጥ የሚል ድምፅ አሰማ፣ ደረቅ ዝገት የሚፈጭ ድምፅ፣ ከዚያ ቡሎኑ እየጨሰ ወጣ።

ምሥጢሩ ዳዶው ብቻ አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። ብረት በ300 ዲግሪ ሲሞቅ 10 ሚሊ የሆነ ውፍረት ከ0.03 ሚሊ በላይ ይሰፋል። ትንሽ ይመስላል። ግን ቡሎኑ ብቻ በድንገት ግሎ ሲሰፋ ዙሪያው ያለው ናክል ያፍነዋል፣ ዝገቱ ይደቅቃል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰባል፣ በመሀሉ ክፍተት ይፈጠራል። ሻማው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። የጋዝ እሳትም ይሄን ይሠራል፣ ግን ነበልባሉ ዙሪያውን ሁሉ ነው የሚያሞቀው፣ ላስቲክ አጠገብ ይከብዳል። ብየዳው ሙቀቱን በአብዛኛው ቡሎኑ ላይ ያኖረዋል።

የቦል ጆይንቱ ላስቲክ ተቃጥሏል፣ ሊቀየር ስለነበር ግድ አልሰጠኝም። የእናንተ ቦል ጆይንት ደህና ከሆነ ግን እንደሚጎዳ አስባችሁ ግቡ። ሌላ ቅሬታዬ፣ ልጁ ለራሱ መከላከያ አለው፣ ለአጠገቡ ሰው «ዞር ይበሉ» ብቻ ነው። እሳት ማጥፊያም አይዝም፣ ባልዲ አሸዋና ውሃ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። መኪና ስር ግራሶና ዘይት አለ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። እግረ መንገዴን፣ መኪናውን ክሪክ ላይ ብቻ አንጠልጥላችሁ ወይም ብሎኬት ደግፋችሁ መዶሻና ቁልፍ እንዳትጀምሩ። ብሎኬት ምንም ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። የብረት መቆሚያ ከሌለ ወፍራም ጣውላ ይሻላል፣ የወጣውን ጎማም በቦዲው ስር አስተኙት።

ቶርኖ ቤትስ? ናክሉን ነቅሎ መውሰድ ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ትልቁ ማሽን ላይ አስረው ልክ መሀሉን ይበሱታል፣ እጅ አይንቀጠቀጥም። ማውጫ ውስጡ ለተሰበረበት ሰው ያለው መንገድ እሱ ነው። ግን ናክሉን ለመንቀል ይሄው ቡሎን መውጣት አለበት፣ ወይም ብራቾውን (ቦል ጆይንቱ ያለበትን የታች ክንድ) ከነናክሉ ማውረድ። ለኔ አልሆነም።

ቡሎኑ ከወጣ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። አዲስ ቡሎን ለመግዛት ሰፈር ያለ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሄጄ «10 ሚሊ ቡሎን» ስል ወዲያው ሰጡኝ። ውፍረቱ ልክ ነው፣ ርዝመቱ ልክ ነው፣ ጥርሱ ግን ልክ አይደለም። ተራው 10 ሚሊ ቡሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ነው። የጃፓን መኪኖች ላይ ግን በብዛት ያለው 10 በ1.25 ነው፣ የኔም እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች በእጅ ይገባል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ ሰው «ዝገት ነው» ብሎ በቁልፍ ይገፋዋል፣ የናክሉ ጥርስ ይጠረጋል። ስለዚህ የድሮውን ቡሎን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስጠጉት፣ ጥርሶቹ ከዳር እስከ ዳር መግጠም አለባቸው። እኔ ሶማሌ ተራ የጃፓን መለዋወጫ ከሚሸጡት ዘንድ ነው ያገኘሁት።

ጭንቅላቱ ላይ ያለውንም ቁጥር እዩ። 8.8 ማለት የመጀመሪያው 8 እስኪበጠስ 800 ሜጋ ፓስካል ይችላል ነው፣ ሁለተኛው 8 ደግሞ ከዚያ 80 በመቶው ላይ ሲደርስ ተለጥጦ አይመለስም ነው። 10.9 ከዚያ ይበልጣል። ቁጥር የሌለው ቡሎን የአጥር በር ይሰር፣ ጎማ የሚይዝ ቦታ ላይ አይግባ። ናክሉ ውስጥ ያለውን ጥርስ በ10 በ1.25 ጥርስ መቁረጫ (ታፕ) አጸዳሁት፣ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ፣ ፍቅፋቂው እንዲወድቅ። ለስላሳው ግንድ ላይ ስስ ግራሶ ቀባሁ፣ የሚቀጥለው ሰው እንዳይቸገር። ማሰሩን የመኪናው መመሪያ በሚለው ልክ፣ በመለኪያ ቁልፍ። የመለኪያ ቁልፍ ውድ ነው የሚል አለ፤ ተውሶም ይገኛል። አክስሉና ቦል ጆይንቱ ከገቡ በኋላ መኪናዋ አላይመንት ታይታለች፣ ቀጭ ቀጩ ጠፍቷል።

ኪቱን ማን ይግዛው? ቤቱ ውስጥ መኪናውን የሚነካካ፣ ወደኋላ የሚዞር ድሪል ያለው ሰው ለፑንታዎቹ ሲል ሊገዛው ይችላል፣ በኔ በኩል አልጸጸትም። ማውጫዎቹን ግን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ልጅም ጎረቤትም እንዳያገኛቸው። ሻጩን ፑንታውን ለብቻው ይሸጥልኝ እንደሆነ ጠይቄው ነበር፣ «ሳጥኑ አይከፋፈልም» አለኝ። ኋላ ላይ ሌላ ሱቅ ውስጥ በነጠላ ሲሸጥ አይቻለሁ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ቢኖራችሁ ለአብዛኛው የመኪና እግር ቡሎን ይበቃል። ስትጠይቁ «በግራ የሚዞር» በሉት፣ ሳጥኑ ውስጥ ስታዩት ጠመዝማዛው ከተራው ፑንታ በተቃራኒ መሄዱን ከሌላ ጋር አስተያዩ፣ አንዳንዱ ሻጭ ተራውን ያቀብላችኋል።